የእትዬ ሸዋነሽ የቆርቆሮ በር

ጌታሰው ከግንበኝነት ተነስቶ ተቋራጭ የሆነ የሸዋሮቢት ሰው ነው። ድንጋይ ሲጠርብ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ደብዳቤ ጻፍ ሲሉት ግን ላብ ያጠምቀዋል። ቀወት ወረዳ ውስጥ ትምህርት ቤት ሊሠራ ተዋውሎ መሠረቱን ቆፍሮ ሳይጨርስ፣ የደጋው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ወረደና ጉድጓዱን ደጋግሞ በደለል ሞላበት። ሥራው ቆመ።

ውሉ «የሚያዘገይ ነገር ሲገጥም በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ በጽሑፍ አሳውቅ» ይላል። ጌታሰው አላሳወቀም። ተቆጣጣሪው ኢንጂነር ደሳለኝ ጎርፉን በዓይኑ አይቶ «አይዞህ፣ ቀኑ ይታሰብልሃል» ብሎታል፤ ምሳም አብረው ይበላሉ።

«ከአንድ ትሪ አብሮኝ ለሚበላ ሰው ደብዳቤ ልጻፍ? ክስ አይመስልም?» አለና ይሉኝታ ያዘው።

ጥቅምት ላይ ደሳለኝ ተዛወረ። በቦታው የተተካችው ኢንጂነር ሐይማኖት ፋይሉን ገልጣ ገልጣ ዘጋችው።

«ጋሼ ጌታሰው፣ እዚህ ውስጥ ጎርፍ የሚባል ነገር የለም።»

«ኧረ ኢንጂነር፣ እኔ ልዋኝ ምንም አልቀረኝ!»

«እርስዎን አምናለሁ። ግን ሥራው ዘግይቷል፤ እስከ ዓርብ የጽሑፍ ማስረጃ ካላመጡ ውሉ ይቋረጣል።»

ጌታሰው ወደ ሥራው ቦታ ተመልሶ ብሎኬት ላይ ዘፍ አለ። ውል የተቋረጠበትን ሰው ደግሞ ማን ያሠራዋል? የዕቃ ቤቷ ጠባቂ እትዬ ሸዋነሽ ብቅ አሉ።

«አንተ፣ ፊትህ ምነው እንደ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ተጨማደደ?»

ነገራቸው።

«ታዲያ በሬን አታነብም?»

እትዬ ሸዋነሽ ወረቀት አያምኑም፤ የቆላ ምስጥ ሁለት መዝገብ በልቶባቸዋል። ዕቃ የሚዋስ ሁሉ በቆርቆሮው በር ጀርባ ላይ ይፈርማል፤ ኢንጂነርም ቢሆን! ጌታሰው በሩን ዘግቶ አነበበ፦ «ሐምሌ 19፣ ጎርፍ መሠረቱን ሞልቶ ሥራ ስለቆመ፣ ለኢንጂነር ደሳለኝ ቦት ጫማ ተሰጠ።» ከሥሩ የደሳለኝ ፊርማ። ሐምሌ 23ም እንዲሁ። እንዲህ እያለ እስከ ነሐሴ 14። ሰውየው ጭቃውን ለመሻገር በመጣ ቁጥር ቦት ተውሷል፤ በተዋሰ ቁጥር ፈርሟል!

ጌታሰው እልል ሊል ምንም አልቀረው። በሩን ነቅሎ ሊወጣ ሲል እትዬ ሸዋነሽ ያዙት።

«ሳትፈርም የት ይዘህ?»

ስለ በሩ እዚያው በሩ ላይ ፈረመ። በባጃጅ አጋድሞ ከተማ ሲገባ አንዱ ከሱቁ ደጃፍ ጮኸበት፦ «ጌታሰው፣ ቤትህን እየነቃቀልክ ልትሸጠው ነው?»

ሐይማኖት በሩን ግድግዳ አስደግፋ ከላይ እስከ ታች አነበበች። ከዚያ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ጽሑፍ ነው፣ ቀን አለው፣ የተቆጣጣሪው ፊርማ አለው። ምን እላለሁ?» ብላ ፎቶ አነሳችው።

በሳምንቱ ሃያ ስድስት ቀን እንደተጨመረለት የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰው። ጌታሰው ያን ዕለት ከሐምሌ ወዲህ ያልተነፈሰውን ትንፋሽ ተነፈሰ።

ሐይማኖት ለቁጥጥር የመጣች ቀን ምሳ ቀረበ። እጃቸውን ታጥበው ሊቆርሱ ሲሉ ጌታሰው ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የትምህርት ቤቱ ንድፍ ላይ የመስኮቱ ልክ እንዳልተጻፈ በገዛ እጁ ጽፏል።

«ኢንጂነር፣ መጀመሪያ ይቺን ይፈርሙልኝና እንብላ።»

ፈረመችለት። እንደዚያ ቀን ጥሩ አድርጎ በልቶ አያውቅም።