ንጹሕ ቤት ያመጣብን ጣጣ

ከሸዋ ሮቢት የወጣሁት ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ነው። መቼም የእኛን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ሽንኩርት በቀን ከተጓዘ ስለሚበላሽ መኪናው የሚነሣው ከመግሪብ በኋላ ነው። ሾፌሩ ጋሼ ተፈራ ጋቢና ውስጥ አስቀመጠኝ። እናቴ በመስኮቱ በኩል እጇን ሰድዳ ከትከሻዬ ላይ የሽንኩርት ቅርፊት እያራገፈች ስንቅ የሚሆነኝን ምክር ሰጠችኝ።

«ዘይኑ፣ የሰው ቤት ስትገቢ እንደራስሽ ያዢው። እንግዳ መጣ ሲባል ቀድመሽ ሰብስቢ። ያልተሰበሰበ ቤት የሴቲቱን ስም ነው የሚያጠፋው። በይ አላህ ያሳካልሽ።»

አላለቀሰችም። እኔ ግን ጣርማ በር ላይ ብርዱ ሲቀበለን የብርድ አስመስዬ አለቀስኩ። ጋሼ ተፈራ እንደገባው እንጃ፣ ጋቢውን አውልቆ ወረወረልኝና መንዳቱን ቀጠለ።

ለሠራተኝነት መጀመሪያ የገባሁት አማን ከተማ፣ ሰልማ የምትባል ፍልስጤማዊት ቤት ነበር። ሰልማ የተወለደችው ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ኢየሩሳሌም በሚሏት፣ እናቴ በይተል መቅዲስ በምትላት ከተማ ነው። ለባል ተሰጥታ አማን መጣች፣ ዓመታቱ አለፉ፣ በመጨረሻም «ውጭ ቆይተሻል» ተብላ የመኖሪያ መታወቂያዋን ተነጠቀች። አሁን የተወለደችበት ቤት የምትገባው በእንግዳ ፈቃድ ነው፣ እሱም ከተገኘ። እናቷ ሐጃ ነጅላ ዳሌያቸው ተሰብሮ አማን መጥተው ከታከሙ በኋላ «እኔ አፈሬ ላይ ልሙት» ብለው ሲመለሱ፣ ሰልማ መከተል አልቻለችም። እኔን ላከችኝ። ለልጅቷ የተከለከለው ፈቃድ ለእኔ ለሽንኩርት ነጋዴዋ ልጅ ወጣልኝ።

ድንበሩ ድልድይ ላይ ያገኘችኝ ወታደር ከታናሽ እህቴ አትበልጥም።

«ለምን መጣሽ?»

«አሮጊት ላስታምም።»

«ልጅ የላቸውም እንዴ?»

«አላቸው።»

«ታዲያ ልጃቸው ለምን አታስታምማቸውም?»

እሱንስ እኔ ልጠይቅሽ አስቤ ነበር፣ አልኩ በሆዴ፣ በአማርኛ። ፓስፖርቴ ላይ ማኅተም መታችልኝና ጥርሷን ብልጭ አድርጋ አሳለፈችኝ።

ሐጃ ነጅላ የሚኖሩት አባታቸው በሠራው የድንጋይ ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ዳቧቸውን በወይራ ዘይትና ዘዕተር በሚሉት ቅጠል እያጠቀሱ ይበላሉ። እኔ ደግሞ ከቤት በያዝኩት በርበሬ እበላለሁ። አንድ ቀን ካልቀመስኩ ብለው ዓይናቸው እንባ አቀረረና «እናንተ ይሄን እየበላችሁ ማን ደፍሮ ይገዛችኋል!» አሉኝ። ክረምቱ አጥንት ድረስ ይገባል፣ ያኔ የሮቢት ሙቀት ይናፍቀኛል፣ የረገምኩት ሁሉ ይቆጨኛል። ጣራው ላይ ስንወጣ የእህታቸው መንደር ይታያል፣ ርቀቱ ከሮቢት እስከ ጎረቤት ከተማችን ጀውሃ ቢሆን ነው። መሐል ላይ ግን ግንብ ቆሟል። እህትየውን ለመጠየቅ ዞረን፣ ኬላ ላይ ተሰልፈን፣ ግማሽ ቀን ይፈጅብናል። እኔ ኬላ ሲባል የማውቀው ኮንትሮባንድ የሚፈተሽበትን ነበር። እዚያ የሚፈተሸው እህቷን ልትጠይቅ የምትሄድ አሮጊት ናት።

ጎረቤታችን ሪማ የምትባል አስተማሪ ናት። ከዚያው መንገድ አንድ ቤተሰብ ከቤቱ ከተባረረ ወዲህ፣ ዓርብ ዓርብ የሰፈሩን ሴቶች ትሰበስብና ጽሑፍ ይዘው ይቆማሉ። ወታደሮች መጥተው ይበትኗቸዋል፣ በሳምንቱ ተመልሰው ይቆማሉ። ሐጃም ወንበር አስይዘውኝ ይሄዳሉ። «ምንድን ነው የምትጠይቁት?» አልኳት አንድ ቀን ሪማን።

«ትልቅ ነገር መሰለሽ? ራሳችንን በራሳችን እናስተዳድር ነው። የቤታችንን በር ማን እንደሚከፍተው እኛው እንወስን ነው።»

ነገሩ እኛም በር ደረሰ። ሐጃ መታወቂያቸውን ሊያሳድሱ ቢሄዱ «ለመታከም አማን ከርመሻል፣ እውነት የምትኖሪው እዚህ ነው?» ተባሉ። እዚህ አይኖሩም ከተባለ እንደ ልጃቸው መታወቂያውን ይነጠቃሉ፣ ከቤታቸውም ይወጣሉ። ሰዎች ድንገት መጥተው ቤቱን እንደሚያዩ ተነገረን። ምን እንደሚያዩ ለእኔ የነገረኝ የለም።

አንድ ጠዋት ሪማ ደወለች። «ከላይኛው መንገድ እየወረዱ ነው!»

እንግዳ መጣ! የእናቴ ልጅ አይደለሁ? ሐጃ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ እኔ ቤቱን ተያያዝኩት። ሳህኑን አጥቤ ደረደርኩ፣ የተሰጣውን ልብስ አጥፌ ቁምሳጥን ከተትኩ፣ የጥርስ ብሩሻችንን ሸሸግኩ፣ የተራረፈውን ምግብ ከፍሪጅ አውጥቼ ጣልኩ፣ አልጋቸውን ወጥሬ አነጠፍኩ፣ ቆሻሻውን መንገድ ዳር ካለው ገንዳ ጨመርኩ። ወለሉን ወልውዬ ሻይ ልጥድ ስል በሩ ተንኳኳ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው። ሰውየው ቀጥታ ፍሪጁን ከፈተ።

«ባዶ ነው።»

«ዛሬ ነው ያጸዳሁት።»

«የጥርስ ብሩሽ የታለ?»

«ቁምሳጥን ውስጥ።»

«የጥርስ ብሩሽ ቁምሳጥን ውስጥ ምን ያደርጋል?»

«እንግዳ መጥቶ ነዋ።»

«የምን እንግዳ?»

«እርስዎ።»

ሴትየዋ ሳቋን ዋጠች። ሰውየው ግን ወደ አልጋው ሄዶ አንሶላውን ዳሰሰ።

«እዚህ ላይ ሰው የተኛበት አይመስልም።»

«እኛ አገር ሰው የተኛበት የሚመስል አልጋ ለእንግዳ አይታይም።»

«ስለ አንቺ አገር አልጠየቅኩም። እሷ የምትኖረው የት ነው?»

ሐጃ በምርኩዛቸው ተደግፈው በሩ ላይ ቆመው ነበር። «እዚሁ ነው። አንተ ሳትወለድም እዚሁ ነበርኩ» አሉት።

«እሱማ መረጋገጥ አለበት» አለና መጻፍ ጀመረ።

ሐጃ የተወለወለውን ቤታቸውን ዞር ዞር ብለው አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ያኔ ገባኝ። ቤቱን አላጸዳሁትም፣ እሳቸውን ነው ከቤቱ ጠርጌ ያወጣኋቸው!

ሮጬ ወጣሁ። ከገንዳው ውስጥ ከረጢታችንን ጎትቼ አመጣሁና የወለወልኩት ወለል ላይ ዘረገፍኩት። የሻይ ቅጠል፣ የዓሣ አጥንት፣ ሐጃ መጥጠው የጣሉት ብርቱካን፣ ስማቸው የተለጠፈበት የመድኃኒት ካርቶን።

«ይኸው የማታ እራታችን! ይኸው የጠዋት መድኃኒታቸው! የማይኖር ሰው ይሄን ሁሉ ይጥላል?»

ሴትየዋ ጎንበስ ብላ ካርቶኑን በሁለት ጣቷ አነሣችና ስሙንና ቀኑን አንብባ ፎቶ አነሣችው። ሐጃ በሻርፓቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ። አባታቸው በሠራው ቤት ውስጥ ጥራጊያቸው ተበትኖ ባዕድ ሲመረምረው ማየት እንዴት እንዳንገበገበኝ! ብችል ሰዎቹን ከነካሜራቸው ጠርጌ ባወጣቸው ደስ ባለኝ።

መታወቂያው ታደሰ፣ ለአጭር ጊዜ። «ደግመን እንመጣለን» አሉን። ሪማ ዓርብ ዕለት ነገሩን ለሴቶቹ ስትነግር ስቀው ሊሞቱ ደረሱ፣ አንዷ ግን ስቃ ስቃ ወደ ለቅሶ ገባች። ሐጃም ትእዛዝ አወጡ፣ ከእንግዲህ አንድ ሳህን ሁልጊዜ ሳይታጠብ ይቀመጥ። በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር እጄን ይበላኛል።

ከዚያ ወዲህ የሮቢቱ ቤታችን ያሳስበኝ ጀመር። እኔም ቆይቻለሁ፣ እንደ ሰልማ። ያኔ ሞባይል ሮቢት መግባቱ ነበርና በወንድሜ ስልክ ለእናቴ ደወልኩላት።

«እማ፣ ነጠላ ጫማዬ አሁንም በር ላይ ነው?»

«የምን ነጠላ ጫማ! ወላሂ ቤቱን ብታይው አታውቂውም። ልብስሽን ለሰደቃ ሰጠሁ፣ አልጋሽን አስወጣሁት። ሰፍቶ፣ ጸድቶ፣ ማሻአላህ!»

ደስ ብሏታል።

«እማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። አንድ ሳህን፣ የእኔን ሳህን፣ ሳታጥቢ ተይልኝ።»

«ምን ነካሽ ልጄ? ያምሻል እንዴ? ድንገት እንግዳ ቢመጣስ?» አለችኝ።

እኔ ነኛ የምመጣው፣ ልላት አልኩና ተውኩት።