ከማዶ የሚያነበው ሰህላን

በግብፅ፣ በፉስጣጥ ከተማ የሚኖረው ጨርቅ ቀለም ነካሪ ሰህላን ምኩራብ ውስጥ ለንባብ በተጠራ ቁጥር ዓይኑን ያመዋል። ገበያ ላይ ግን የጨርቅ ጉድፍ ከሩቅ ይለያል። ሰፈሩም "ፊደል አይቆጥርም" እያለ ሲያማው ኖረ። ሐሜቱ ለካ እውነቱ ደጃፍ እንኳ አልደረሰም።

ልጁን ሚላህን ለመድኃኒት ነጋዴው ለአቡ ዚክሪ ልጅ ሊድር ሲል ማምለጫ ጠፋ። እነ አቡ ዚክሪ ዘር ይቆጥራሉ፤ ካልተማረ ቤት አይጋቡም። ሰህላንም "አባቴ የተልባ እግር ጨርቅ ነጋዴ ነበር" ብሎ አፉን ሞልቶ ነግሯቸዋል። ከሠርጉ በፊት ባለው ሰንበት ደግሞ የሙሽራዋ አባት ቆሞ ኦሪት ያነባል። ካላነበበ ጋብቻው ይፈርሳል።

ተጠራ። የኦሪቱ ጥቅልል ፊት ቆመ። ላቡ በጢሙ ወረደ።

"ዛሬም ዓይኑን ነው?" አለች የሙሽራው አክስት ኡም መካሪም ከሴቶቹ ሰገነት። የእሷ ሹክሹክታ ግመል ያስደነብራል።

ሰህላን ቀና ብሎ ሚላህን አያት። ከዚያ ጠረጴዛውን ዞረና ከማዶ፣ ከፊደሎቹ ራስጌ ቆመ። ተገልብጦ የሚታየውን ጽሑፍ አንድ ቃል ሳይስት አንቆረቆረው።

ያን ጊዜ ምስጢሩ ለሁሉም ተገለጠ። ልጆች ፊደል በሚቆጥሩበት መምህር ቤት ያለው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፤ ልጆቹ ዙሪያውን ይቀመጣሉ። አባቱ የሚከፍልለት ከመምህሩ ጎን ይሆናል። የምኩራቡ ማኅበር በምጽዋት የሚያስተምረው የሙት ልጅ ግን ከማዶ ተቀምጦ ፊደሉን እንደተገለበጠ ይለምደዋል።

"ውይ! የነጋዴው ልጅ በምጽዋት ነው እንዴ የተማረው!" አለች ኡም መካሪም። ሳቁ ከሰገነቱ እየተንከባለለ ወረደ።

ሰህላን ሲወጣ አቡ ዚክሪ በሩ ላይ ጠበቀው።

"አባቴ ነጋዴ ነበር አላልከኝም?"

"ዋሸሁዎት ጌታዬ።"

"ለምን?"

"የጠየቁኝ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነዋ። ታነባለህ ወይ ብለውኝማ ቢሆን ኖሮ..."

አቡ ዚክሪ ጢሙን ሲያሽ ቆየ። የእሱም ፊት በሐፍረት ቀላ። "የጠየቅኩህ ዘርህን ብቻ ነው፣ አዎ። ማንበብህን ደግሞ ዛሬ ሰማሁ። በል እንግዲህ፣ ሠርጉ ማክሰኞ ነው። የእህቴን አፍ ግን እኔም አልቻልኩትም።"

ሌላ ሰው ይሄን ቢሰማ በደስታ ይዘላል። ሰህላን ግን ቤቱ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

"አባዬ፣ ይሳቁ ተዋቸው፤ ሲሰለቻቸው ሌላ ሰው ያማሉ" አለች ሚላህ። "ለእኔ ግን ንገረኝ። አያቴ ነጋዴ ካልነበረ ምን ነበር?"



"ውኃ ተሸካሚ" አለ ሰህላን ወደ ግድግዳው እንደዞረ። "ከዓባይ እየቀዳ ለየሰው ቤት ያደርሳል። ጀርባው ደርቆ አያውቅም፤ ሲያዝለኝ ሆዴን ይበርደኝ ነበር። እሱን ነው ሰው ፊት የካድኩት ልጄ።"

ሚላህ አጠገቡ ተቀመጠች። "ማክሰኞ ለኡም መካሪም ይሄንኑ ትነግራታለህ። ጮክ ብለህ።"

"እሞክራለሁ" አለ ሰህላን፣ ቀና ሳይል።