አባቴ ቆላ ያወረደው እንሰት

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ማን ቆጠረልሽ ብትሉኝ፣ እናቴ ናት። እሷ የልጅ ዕድሜ የምትቆጥረው በእንሰት ነበር። እኔ በተወለድኩ ሰሞን የተከለችው እንሰት ለምግብ ደርሶ ከተፋቀ በኋላ፣ በእሱ ቦታ የገባው ሁለተኛው ከራሴ በላይ ሲሆን፣ አንድ ቀን ቀና ብላ አየችውና አሥራ ሁለት ሞልቶሻል አለችኝ። እኔም ተቀበልኩ። ከዚያ የተሻለ መቁጠሪያ ያለው ሰው በሰፈራችን አልነበረም።

አገሩን ላላየ ሰው ትንሽ ልንገር። የእኛ ደጋ ከአባያ ሐይቅ በላይ ነው። ከደጃችን ቁልቁል ሲያዩት አባያ ውሃ አይመስልም፤ ዝናብ የመታው ቀይ አፈር ይመስላል። ጫሞ ከእሱ ወዲያ ነው፤ ሰማዩ ጠራ ካላለ አይታይም። ሰው ሁሉ የሚኖረው ላይ ነበር፣ ቤት ከቤት ተጠጋግቶ፣ የአንዱ የቀርከሃ አጥር የሌላው የጓሮ ድንበር ሆኖ። እኛ ቤት ሰው ካስነጠሰ ጎረቤት ይማርህ ይላል። ታች ግን ያ ሁሉ ሜዳ ባዶውን ተዘርግቶ ይታያል። ልጅ ሆኜ እዚያ ለምን አንኖርም ብዬ ስጠይቅ መልሱ አንድ ነበር፤ ወባ። የደጋ ሰው ቆላ ይወርዳል፣ ይሸጣል፣ ይገዛል፤ አያድርም። ሴቶቹ ገና ሳይነጋ ቅቤና ድንች ተሸክመው ወደ አርባ ምንጭ ገበያ ይወርዱና ያንኑ ዕለት ዳገቱን ይመለሱታል። የእናቴ ታናሽ ወንድም አንድ ጊዜ ዝናብ ይዞት አድሮ ነበር። ትኩሳቱን ይዞ ወጣ፣ ከመደቡ ግን አልተነሳም።

አባቴ እንዳወራኝ፣ ታች ያለው መሬት ቀድሞ የአንድ ባላባት ነበር። እሱ ራሱ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር እየወረደ ለባላባቱ በቆሎ አርሟል። መሬት ላራሹ ታወጀና ባላባቱ ሄደ፣ ሜዳው ለገበሬ ማህበር ሆነ። ለእኛ ለላይኞቹም ማህበር መጣልን፤ ግን ምኑን እንካፈለው? አያቴ የተወው ማሳ ለወንድማማቾቹ ተቆራርሶ ተቆራርሶ፣ የአባቴ ድርሻ በሬ ቢገባበት መዞሪያ የማያገኝ ቁራጭ ሆነ። እንሰቱ በቤቱ ዙሪያ፣ ገብሱ በእርከኑ ጠርዝ፣ በቃ። ስለዚህ የታችኛው ማህበር ቁጥቋጦ መንጥሮ ለሚያርስ ሁሉ ቦታ ይሰጣል የሚለው ወሬ ሲደርሰን፣ አባቴ ወርዶ ስሙን አስጻፈ።

እናቴ አልከለከለችውም። በሚሄድበት ጠዋት ከጓሮዋ ጠንካራ ጠንካራውን የእንሰት ችግኝ መርጣ ነቀለች፣ ቅጠሉን ቆረጠች፣ ታቹን በእርጥብ ጭድ ጠቀለለችና ሰጠችው።

"ይህ ከያዘልህ እመጣለሁ" አለችው። "እንሰት ወደሌለበት ቤት ግን ልጅ አዝዬ አልገባም።"

ይህን ነገር ስንዴ በልቶ ያደገ ሰው ላይረዳው ይችላል። በቆሎ ዝናብ ከቀረበት አለቀለት። እንሰት ግን ዝናብ መጣ ቀረ ጓሮ ቆሞ ይጠብቅሻል፤ የቸገረ ቀን ትፍቂዋለሽ፣ ቆጮ ይሆናል፣ ልጅሽ ጦሙን አያድርም። ደግሞም የሴት ነው። ማሳው በወንዱ ይጠራ እንጂ እበት ተሸክማ የምታሳድገው፣ የትኛው ዘንድሮ ይፋቅ፣ የትኛው ይቆይ የምትለው እሷ ናት። እንሰት የሌላት ሴት በራሷ ቤት እንግዳ ነች።

እኔ ከአባቴ ጋር ወረድኩ፤ ምግብ የሚሠራለትና ውሃ የሚቀዳለት ሰው ያስፈልገዋል ተባለ። ሕፃኑ ወንድሜና ላሚቱ ከእናቴ ጋር ቀሩ።

አባቴ ከአንድ ትልቅ ግራር አጠገብ የሣር ጎጆ ቀለሰ፤ እንሰቶቹን ከጎጆዋ ጀርባ፣ ግራሩ ጥላ በሚጥልበት በኩል ተከለ። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ወደ ላይ ወጣና ጆንያ ሙሉ ነገር ተሸክሞ ተመለሰ። የታችኛው ማህበር ሊቀመንበር የገረሴ ሰው፣ ቋንቋችንን የሚናገር፣ ቀልድ የሚወድ ነበር። በመንገድ አግኝቶት ምን እንደተሸከመ ጠየቀው። የላማችን እበት ነው አለ አባቴ።

"እበት? ይህ ሁሉ ከብት እዚህ እየዋለ?"

"ይህ እንሰት የሚያውቀው የእኛን ላም ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"እንዲያ ከሆነ ላሚቱን አዝለህ ማውረድ ነበር። ሚስትህም ጭራዋን ይዛ ትከተልህ ነበር።"

በዙሪያው የነበሩት ሳቁ፣ አባቴም ሳቀ። ማታ ግን እበቱን እንደ ጨው በእጁ እየቆነጠረ ለእያንዳንዱ ሲሰጠው አየሁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሳስበው የሚታወሰኝ ዝምታው ነው። አባቴ ጠዋት ይወጣል፤ ዝንጀሮና ከርከሮ በቆሎውን እንዳይጨርሱት ማማ ላይ ይውላል። ቤቶቹ እዚያና እዚያ ናቸው፤ ተጣርቶ ድምፅ አይደርስም። ሐይቁ ቅርብ ቢሆንም አዞ አለ ተብሎ አልቀርበውም፤ ውሃ የምቀዳው ከወንዙ ነበር። በእንስራ እየተመላለስኩ እንሰቶቹን አጠጣለሁ። የማናግረው ሰው ስላልነበረ ለእያንዳንዳቸው የላይ ጎረቤቶቻችንን ስም አወጣሁላቸው። ዘንበል ያለችው ወገቧን የሚያማት ባልቴት ሆነች፤ አጭሩ ደግሞ ያ ነገር የማያልቅበት ሸማኔ። ውሃ ሳፈስላቸው ዛሬ ምን ሠራችሁ፣ ማን ከማን ተጣላ እያልኩ እጠይቃለሁ። መልሱንም እኔው ነኝ የምመልስ። ምን ልበላችሁ፣ እንዲያ ሆኜ ነው ወሬ መፍጠር የለመድኩት።

ቅርባችን የሆነችው አንዲት የወላይታ ሴት ነበረች። እሷ የእኔን ቋንቋ አታውቅም፣ እኔም የእሷን፤ ስለዚህ በአማርኛ እንግባባ ነበር፣ ሁለታችንም አማርኛውን እየሰባበርን። ወንድና ሴት አትለይምና "አንተ ልጅ፣ ና ብላ" ትለኛለች፤ እኔም እሄዳለሁ፣ እበላለሁ። ኩርኩፋ፣ ያን ተድቦልቡሎ የሚቀቀለውን የበቆሎ ሊጥ፣ ከሽፈራው ቅጠል ጋር መሥራት ያሳየችኝ እሷ ናት። አሁን የምጽፍበት አማርኛ የተጀመረው በእሷ ምድጃ ዳር ነው፤ ፊደሉ በኋላ በመሠረተ ትምህርት መጣ። እሷም እንሰት ካለበት አገር ነበር የመጣችው። አንድ ቀን ከጎጇችን ጀርባ ገብታ ተክሉን አንድ በአንድ አየችና ስኳር ድንች ሰጥታኝ ሄደች።

በቆሎው ጉልበት ላይ ሲደርስ ሊቀመንበሩ መጣ። ያን ቀን አልቀለደም። አንድ ሰው በሁለት ማህበር መሬት ሊይዝ አይችልም፣ ከበላይ የመጣ ትእዛዝ ነው አለ። አባቴ ለመስቀል ሚስቱንና ልጁን አምጥቶ ይኖራል፣ ካልሆነ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ላይ ያለው ማህበርም ያንኑ ይላል፤ እናቴ ጥላ ከወረደች ጓሮዋ ለሌላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴም ከማሳው ሲመለስ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጓሮ ሆነ። እኔ ደግሞ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴና አባቴ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲሆኑ። ያ ደግሞ በእነዚያ ችግኞች ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከዚያ አንዱ ቅጠል አወጣ። ሸማኔው ነው። በመሐሉ እንደ ተጠቀለለ ስሌን ሆኖ ብቅ አለ፣ በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን ተዘረጋ፤ አረንጓዴ፣ ጀርባው ቀላ ያለ፣ ልክ እንደ ላይኛው። አባቴ ቁጢጥ ብሎ ሲያየው ቆየና ጢሙን ዳበሰ። በገበያው ቀን ዳገቱ ሥር ሄጄ የላይ ጎረቤታችን የሆነችውን ገበያተኛ ጠበቅሁ። ሁልጊዜም የእናቴን ወሬ የምታመጣልኝ እሷ ነበረች።

"እንሰቱ ቅጠል አወጣ፣ ለእማዬ ንገሪያት" አልኳት።

"አይተሽ ነው ወይስ ተመኝተሽ?" አለችኝ።

አይቼ ነው አልኩ። እውነቴን ነበር።

እናቴ በሚቀጥለው ገበያ ሕፃኑን አዝላ መጣች። ከሩቅ ሳያት ሮጥኩ፤ ደርሼ ግን አፈርኩና ቆምኩ። አንገቴን ሳመችኝ፣ ከስተሻል አለች፣ ከዚያ ወዲያው የት አለ አለችኝ። ውሃ እንኳ አልጠጣችም። መንገዱ በበቆሎው መሐል ነበርና ስናልፍ ፍጥነቷን ቀነሰች። በቆሎው ከአባቴ ቁመት በላይ ሆኖ፣ ፀጉር አውጥቶ፣ አንዱ አገዳ ሁለት ሁለት ይዞ ነበር። እንዲህ ያለ በቆሎ አይታ አታውቅም። አንዱን እሸት በእጇ ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችው።

ጓሮ ስንደርስ ባልቴቲቱን እና ሌሎቹን አለፈቻቸው፤ እነሱ ዳር ዳራቸው ተቃጥሎ ነበር። ሸማኔው ዘንድ ቆመች። ሕፃኑን ለእኔ ሰጠችኝ፣ ጎንበስ አለች፣ ግንዱን በሁለት እጇ ያዘችና ቀስ ብላ ሳበችው። ከእርጥብ መሬት እንደሚነቀል ችካል ሆኖ ወጣ። አገላበጠችው። አንዲት ሥር የለውም። ታቹ ለስልሶ ውሃ ሆኗል።

"ሥር አልሰደደም" አለች። "ቅጠሉንም ያወጣው ከእኔ ጓሮ ይዞት በመጣው ጉልበት ነው። አሁን ጨረሰው።"

አባቴ ለሌሎቹ ሌላ ጥላ እሠራለሁ፣ ቦይ ከወንዙ እስባለሁ አለ። እሷ ሌሎቹን አልነካቻቸውም። ጎጆ ገብተን የሠራሁትን ኩርኩፋ አቀረብኩ። የጸሎት ቤታችን በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር ጸሎት የምናደርገው በየቤታችን ድምፅ ዝቅ አድርገን ነበር፤ ያን ቀን እናቴ ረዘም አድርጋ ጸለየች፣ ቃሉን ግን አልሰማሁም። በልተን ስንጨርስ አባቴ እንግዲያው መሬቱን መልሼ አብረን እንወጣለን አለ። እሷ ወጥተን ምን ልንበላ ነው አለችው። ያ ቁራጭ ሁላችንንም እንደማይችል ያውቃል፤ ይህን በቆሎ ደግሞ ትቶ የሚሄድ ሰው የለም። ታዲያ አንቺ ነይ አላት። ሕፃኑን አየችና የወንድሟን ነገር አነሳች። እኔ ተራ በተራ አያቸው ነበር።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ገበያተኞቹ ሲመለሱ በሩቁ መንገድ ታዩ። እናቴ ተነሳች። ነጠላዬን አጣጥፌ በእጄ ይዤ ነበር፤ ውሰጂኝ ማለቴ ነው፣ በአፌ ግን አላልኩትም። አየችኝ።

"አንቺ ከአባትሽ ጋር ሁኚ" አለችኝ። "ሰው የሌለበት ቤት ቤት አይባልም፤ ሊቀመንበሩም ባዶ ጎጆ ካየ ይነጥቀዋል።"

ዳገቱ ሥር ድረስ ሸኘኋት። ሴቶቹ ስለ ቅቤ ዋጋ እየተጨቃጨቁ ከፊት ሄዱ፤ እሷ ከኋላ ነበረች። የሕፃኑ እግር በጀርባዋ ሲወዛወዝ እያየሁ ቆምኩ፣ መታጠፊያው እስኪሰውራቸው። ከዚያ በወንዙ በኩል ተመለስኩና ውሃ ቀዳሁ። ለእንሰቶቹ ግን አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የነገረችን ያችው ገበያተኛ ናት። እናቴ በሳምንቱ በላይኛው ማህበር ስብሰባ ላይ ብድግ አለች። ባሌ ትቶኝ ቆላ ገብቷል፣ ልጄንም ወስዷል፣ እኔ ግን ከቤቴ የትም አልሄድም ብላ ለሁሉም ተናገረች። ያዘኑላት ሴቶች አለቀሱላት። ጓሮውን በራሷ ስም አስመዘገበች፤ እንግዲህ የታችኛው የአባቴ፣ የላይኛው የእሷ ሆነ፣ በሁለት ማህበር መሬት ይዟል የሚባል ሰው አልቀረም። ከዚያ ወደ ቤቷ ሄዳ ላሚቱን አለበች።