ጄት ማሳረፍ ያስተማሩኝ ሾፌር

በሪሞት የምትበር ትንሽ ጄት አለችኝ። ማስነሣቱን ቶሎ ለመድኩ፤ ማሳረፉ ግን እንቢ አለኝ። በየእሑዱ ወደ ምዕራብ ዓባያ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ሜዳ ላይ አበራታለሁ። ስትወርድ ወይ በአፍንጫዋ ትተከላለች፣ ወይ ነጥራ ጎማዋ ይነቀላል።

አንድ እሑድ የማላውቃቸው አዛውንት ዛፍ ሥር ቆመው ያዩኝ ጀመር። በሳምንቱም መጡ። በሦስተኛው እሑድ ተጠጉኝና፣ "ልጄ፣ መሬት ልትነካ ስትል ነው የምትደነግጠው" አሉኝ። "እኔ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ቁልቁል ወደ ሲቀላ ሚኒባስ ስነዳ ነው የኖርኩት። ቁልቁለት ላይ ፍጥነት የሚቀነሰው ገና ከላይ ነው።"

"ጋሼ፣ ይቺ እኮ አውሮፕላን ናት።"

"መውረድ ያው መውረድ ነው። በል ከሩቅ ጀምረህ ቀንስ።"

እንዳሉኝ ከሩቅ ቀነስኩ። ጄቷ ቀስ እያለች ወረደች፤ መሬት ልትነካ ስትል አፍንጫዋን ትንሽ ቀና አደረግኩላት። ሳትነጥር ሜዳው ላይ ትንሽ ሮጣ ቆመች። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ አዛውንቱን አቀፍኳቸው።

"የሰላም አባት ነኝ" አሉኝ እንዳቀፍኳቸው።

ሰላም ፍቅረኛዬ ናት፤ ለቤተሰቦቿ ሳንናገር ሁለት ዓመት ቆይተናል። እጄን ከትከሻቸው ላይ የማነሣበት መላ ጠፋኝ።

"ሦስት እሑድ አየሁህ" አሉ። "ስትሰበርብህ ትጠግናለህ እንጂ አትሳደብም። ሽማግሌ ላክ።"