የባሌ ወንድምና ባለከረጢቱ ተክል

የባሌን ታላቅ ወንድም እንቀዋለሁ። አልጠላውም፤ ለመጥላት እንኳ የሚበቃ ነገር አላገኘሁበትም። ፊት ለፊት ስንገናኝ ጋሼ እለዋለሁ፣ እርስዎ እለዋለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን የሚያስገድደኝ የለም።

ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ ክፍል ኃላፊ ነው። ስለ ስኳር በሽታ ለሐኪም፣ ስለ ዱዓ ለሸኽ፣ ስለ ባዮሎጂ ደግሞ ለእኔ ያስረዳል። እኔ ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ሳስተምር ነው ፀጉሬ የሸበተው።

ተክሉን የሰጠችኝ አብራኝ ትሠራ የነበረች የውጭ አገር መምህርት ናት። ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ጭብጥ የሚያህል እርጥብ ነገር እጄ ላይ አስቀምጣ፣ “የደሴ ጉም ይስማማዋል” አለችኝ። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። ደመና የማይለያቸው ተራሮች ላይ፣ አፈር ሳይነካ፣ እርጥብ የዛፍ ግንድ በሚያለብሰው፣ የዛፍ ሽበት በሚሉት አረንጓዴ ለስላሳ ነገር ውስጥ ተሸጉጦ ይኖራል። ዛፉን አይመጠምጥም፤ ተጠግቶት ነው የሚያድረው። ሳይንሱ ዩትሪኩላሪያ ይለዋል፤ እኔ ባለከረጢቱ አልኩት። ሽበቱ ውስጥ የተደበቁት ክር መሳይ ግንዶቹ የመርፌ ራስ የሚያካክሉ ከረጢቶች አሏቸው። በዓይን የማትለይ የውሃ ነፍሳት ስትነካቸው ከረጢቱ ድንገት ይከፈትና ከነውሃዋ ስቦ ይውጣታል። ሥጋ በል የተባለው በዚህ ነው እንጂ ሌላ ጭካኔ የለበትም።

ደሴ ሆጤ ሰፈር ያለው ቤታችን መታጠቢያ ክፍል መስኮቱ ወደ ጦሳ ተራራ ነው፤ ፀሐይ በቀጥታ አይገባበትም፣ ጠዋት ጠዋት ጉም ይገባበታል። ፓስታ የማጠልበት የፕላስቲክ ወንፊት ውስጥ የዛፍ ቅርፊትና ሽበት ሞልቼ ተከልኩትና በሽቦ አንጠለጠልኩት። የቧንቧ ውሃ ጨው ስለሚበዛበት ከቆርቆሮው የሚወርደውን ዝናብ በጀሪካን እያጠራቀምኩ አጠጣሁት። ጎረቤቶቼ ለሣር ዝናብ የምታጠራቅም እብድ አሉኝ። በራቸው ላይ የላስቲክ ጽጌረዳ የሰቀሉ ሰዎች ናቸው።

በሁለተኛው ክረምት አበበ። ቢራቢሮ የሚያህል ነጭ አበባ፣ ጉሮሮው ላይ ቢጫ ጣል ያለበት። ባሌ ፎቶ አንሥቶ ለወንድሙ ላከለት።

በሳምንቱ ወንድምየው ከች አለ። ከነጫማው መታጠቢያ ክፍል ገብቶ ቅጠሉን በጣቱ ገፋ ገፋ አደረገው።

“ሥጋ ይበላል አሉ?”

“በዓይን የማይታዩ ነፍሳትን ነው፣ ጋሼ።”

“ያው ሥጋ ነው። ቅዳሜ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች አሉብኝ። ስጪኝ።”

“ኮምቦልቻ ይሞቀዋል። ይሞትብዎታል።”

“አብሽሪ! ያን ሁሉ ማሽን የማዝዝ ሰው አንድ ሣር ያቅተኛል?”

ባሌ “ስጪው በቃ” በሚል ዓይን አየኝ። ለሁለት ከፈልኩት፤ ያበበውን ግማሽ በእርጎ ባልዲ አድርጌ ሰጠሁት። ዝናብ ውሃ ብቻ እንዲያጠጣው፣ ፀሐይ እንዳያሳየው ነገርኩት። ስልኩን እየነካካ “እሺ፣ እሺ” አለ።

ቅዳሜ እኛም ተጠርተን ኮምቦልቻ ወረድን። ተክሉ ወርቅማ ማስቀመጫ ውስጥ ገብቶ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ የቀትር ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት ሥር ተቀምጧል። አበባው ጠውልጎ አንገቱን ደፍቷል። “ከብራዚል ያስመጣሁት ነው” እያለ ለእንግዶቹ ሲናገር ደረስኩ። ቀጥሎ ሚስቱን አዝዞ የተፈጨ ጥሬ ሥጋ በሳህን አስመጣ። በማንኪያ እየቆነጠረ ቅጠሎቹ ላይ ደረደረ።

“አሁን ጥርቅም ብሎ ይዘጋል፤ እዩት!”

እንግዶቹ ተነሥተው ከበቡት፣ ስልካቸውን ደገኑ። የባለከረጢቱ ቅጠል እንደማንኛውም ቅጠል ነው፤ ምኑ ይዘጋል? ቆሙ፣ ቆሙ። ዝንብ መጣ።

“ጠግቦ መሆን አለበት” አለ የባሌ ወንድም።

ሁሉም ሳቁለት። አንዱማ “ማሻአላህ!” አለ፤ ምን እንዳየ አላህ ይወቅ። መነጽር ያደረገች አንዲት ሴት ብቻ “አፉ የቱ ጋ ነው?” ብላ ጠየቀች።

“ቅጠሉ ራሱ አፍ ነው” አላት፣ ሳያፍር።

ልናገር ስል ባሌ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የተማሪ ስህተት ሳላርም አልፌ አላውቅም፤ የዚያን ቀን ግን አንድ የማይረባ ሰው እንዳይከፋው ብዬ አለፍኩ። ወደ ደሴ ስንመለስ ከእሱ ይልቅ ራሴን ነበር የናቅሁት።

ወር ሳይሞላ ደወለልኝ። “ያ ተክልሽ የማይረባ ነው። ቤቱን አገማው። ካልወሰድሽው እጥለዋለሁ።”

በማግስቱ በሚኒባስ ወረድኩ። ሚስቱ በሩን ከፍታ፣ “እኔስ ተው ብዬው ነበር፣ እቴ” አለችኝ በሹክሹክታ። ተክሉ ጓሮ ተጥሏል። ሥጋው ጠቁሮ ተጣብቋል፤ የቧንቧው ውሃ ሽበቱ ላይ ነጭ ቅርፊት ሠርቷል፤ በዚያ ላይ ማዳበሪያ ነስንሶበታል። መሬት ቁጭ ብዬ በጣቴ ፈታታሁት። ከመበስበሱ ሥር አተር የሚያካክሉ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ እብጠቶች አገኘሁ፤ ተክሉ ለድርቅ ጊዜ ውሃ የሚያስቀምጥባቸው ናቸው። አብዛኞቹ ፈርጠዋል፣ አምስቱ ግን ጠንካራ ነበሩ። ሚስቱ እርጥብ ጨርቅ ሰጠችኝ፤ ጠቀለልኳቸው።

የባሌ ወንድም ከበረንዳው ሆኖ “ቆሻሻ ውስጥ ምን ትፈልጊያለሽ?” አለኝ።

“የራሴን ዕቃ” አልኩት።

አምስቱንም ሽበት ውስጥ ቀበርኳቸው፤ ሦስቱ ቀጣዩ ክረምት ሲገባ አቆጠቆጡ። በዓመቱ እኔ ጋ ከቀረው ግማሽ ቀድመው አበቡ። ባሌ በዚህኛው ጊዜ ፎቶ አላነሣም፤ ወንድሙ ግን ለዒድ ሲመጣ አንድ የሥራ ባልደረባውን አስከትሎ በቀጥታ ወደ መታጠቢያ ክፍሉ ሄደ።

“ይኼ እኔ ሥጋ እያበላሁ ያሳደግሁት ነው” ሲለው ሰማሁ።

ፎጣ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። “ገድለውት ነበር፣ ጋሼ” አልኩ።

“ምን አልሽ?”

“ገድለውት ነበር። አፉ ቅጠሉ አይደለም። የተፈጨ ሥጋ አይበላም። ከብራዚልም አላስመጡትም፤ ከዚህ መስኮት ነው የወሰዱት።”

ባልደረባው የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ እንደ ብርቅ ያይ ጀመር። የባሌ ወንድም መጀመሪያ ሳቀ፤ ማንም ሳይከተለው ሲቀር ሳቁን አቋረጠ። “ሴትየዋ ደክሟታል” አለና ምግብ ሳይቀምስ ወጣ። ፊት ለፊት የምነግረው ቀን ቢመጣ ደስታው አያልቅም ብዬ አስብ ነበር። ደስ ያለኝ በሩ እስኪዘጋ ብቻ ነው፤ ከዚያ የቀረውን ሰሃን ማጠብ ነበረብኝ።

ባሌ አኮረፈ። “በዒድ ቀን፣ በሰው ፊት!” አለ። እኔም አላባበልኩትም። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ቀና ብሎ ሽሮው ቀጥኗል አለኝ። ታረቅን ማለት ነው።