ደሴ ያልሄድንበት ኅዳር

የመጀመሪያው ምልክት የውሃው መፍሰስ ነበር። ታኅሣሥ ሃያ ስድስት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ላሊበላ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ፣ ባለቤቴ ታደሰ ተንበርክኮ የአንዲት መነኩሲት እግር ያጥብ ነበር። ለልደት በእግራቸው የሚመጡ እንግዶችን ተቀብሎ እግራቸውን ማጠብ በኛ ከተማ የተለመደ ነው፤ ለታደሰ ደግሞ ከአባቱ የወረሰው ሥራ ነውና ለማንም አሳልፎ አይሰጥም። ጆጉን ሲያዘነብል እጁ ተንቀጠቀጠ። ውሃው ከሳፋው ውጭ ፈሰሰና የመነኩሲቷ ቀሚስ ራሰ።

«ብርዱ ነው» አለ።

ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። ብርዱ እንዳልሆነ ልቤ ጠርጥሯል፤ ግን ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ዝምታ ነው። ጡረታ ወጥታችሁ፣ ሐኪም «የብርዱን ወራት ሞቃት ቦታ አሳልፉ» ያላችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ እኛ ያበላሸነውን እንዳትደግሙት ብዬ ነው።

ሠላሳ ዓመት የሠራሁት በወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስለሆነ ነገር በቅደም ተከተል ካልተጻፈ ያሳክከኛል። ታደሰ ርዕሰ መምህር ነበር። ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ዓመት ሳል ያዘው። ክረምቱ አለፈ፣ ሳሉ አላለፈም። ቀጥሎ ዳገት ሲወጣ፣ ከዚያም ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ሲያስር ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ወልዲያ ወስጄው በመሣሪያ ውስጥ አስተንፍሰው ለኩት። ሲኦፒዲ ነው አሉን፤ የመተንፈሻ ቧንቧዎችን የሚያጠብ፣ ፈጽሞ የማይድን፣ ተጠንቅቀው ከያዙት ግን አብሮ የሚኖር የሳንባ ሕመም። ሐኪሙ ሲጋራ ያጨስ እንደሆነ ሲጠይቀው «አልፎ አልፎ» ብሎ መለሰ። ሃያ ዓመት ሙሉ በቀን አንድ ፓኮ! ያን ጊዜ ነቅቼ ቢሆን ኖሮ የኋላው ሁሉ ባልመጣ።

ሐኪሙ የሚሳብ ሳልቡታሞል አዘዘለትና እንዲህ አለው፦ «ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የእናንተ አገር ብርድ ለእርስዎ ሳንባ አይሆንም። ከቻሉ እነዚያን ወራት ወደ ሞቃት ቦታ ይውረዱ።»

አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ቆቦ ላይ ቤት አገኘችልን። የቤቱ ባለቤት እትዬ ዘሐራ የምትባል ሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ ባሏ ሞቶባት ግቢውን ብቻዋን ይዛዋለች። ሁለት ክፍል፣ ንጹሕ ሽንት ቤት፣ ደጃፉ ላይ የኒም ዛፍ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ታደሰ ግን በሸሚዝ ብቻ የጠዋት ሰልፍ ፊት ቆሞ፣ ጋቢ የተከናነቡትን ተማሪዎች «ብርድ የሚይዘው ሰነፍ ነው» እያለ ሲገስጽ የኖረ ሰው ነው። እነዚያ ተማሪዎች ዛሬ የከተማው ሹሞች፣ ቀሳውስትና ነጋዴዎች ናቸው። ርዕሰ መምህሩ ብርድ ሸሽቶ ቆላ ቤት ተከራየ ሊባል ነው? ሞቶ ነው። በመጨረሻ የተስማማው ማንም እንዳያውቅ በሚል ነው። ለጎረቤት የሚነገረውንም ራሱ ፈጠረው፦ ደሴ ያለችው ልጃችን ወልዳለች፣ አራስ ልንጠይቅ ነው። ልጃችን እንኳን ልትወልድ አላረገዘችም። ደሴን የመረጣት ደግሞ ብርዷ ከላሊበላ ስለማያንስ ነው፤ ደሴ ሄደ የተባለን ሰው ማን ብርድ ሸሸ ይለዋል? እዚህ ላይ አእምሮው እንዴት እንደሚሠራ ሳየው እጄን በአፌ እጭናለሁ። ይህን ያህል ብልሃት ለሳንባው ቢያውለው!

እኔም አብሬ ዋሸሁ። ጎረቤታችን ወይዘሮ አበበች «ለአራሷ» ብላ አንድ ጣሳ ቅቤ ስታመጣልኝ ተቀብዬ አመሰገንኩ። ቅቤው ቆቦ ደረሰ። ጾም ገብቶ ስለነበር አልበላነውም፤ በሙቀቱ ቀልጦ ከጣሳው ወጣ።

ቆቦ ግን መድኃኒት ሆነን፤ ይህን መካድ አልችልም። በዐሥር ቀን ውስጥ ሳሉ ቀነሰ። ሳልቡታሞሉን ሳይነካ ሦስት ቀን የዋለበት ጊዜ ነበር። ገበያ ደርሶ ሳያርፍ ይመለስ ጀመር። እትዬ ዘሐራ ገና በገባን ዕለት በሁለቱም አልጋዎች ላይ አጎበር ሰቅላ «የደጋ ሰው ለወባ አዲስ ነው፤ ወላሂ፣ ከዚህ ውጭ እንዳትተኙ» ብላን ነበር። ታደሰ ሦስት ቀን ታግሦ አወረደው። ትንፋሼን ያፍነኛል አለ። አጣጥፎም ትራሱ ሥር አደረገው፣ ምናልባት ከትራስ ሥር ሆኖ የሚጠብቀው መስሎት። እትዬ ዘሐራ ስታየው «መምህር፣ የርስዎ ደም ለቢምቢው ሰርግ ነው» አለችው። ሳቀ። እኔ ጮኼ፣ ለምኜ፣ ሲደክመኝ ተውኩት። እኔ በአጎበር ውስጥ እተኛለሁ፣ እሱ ውጭ።

በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ ጠዋት ከደጅ እየሮጠ ገባ። ሲኦፒዲ ያለበት ሰው ሲሮጥ አስቡት። ከአላማጣ በታች ተነሥተው በየዓመቱ ወደኛ ቤት የሚመጡት እንግዶቻችን፣ መነኩሲቷ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ከፊት ሆነው፣ በአስፋልቱ ወደ ላሊበላ እየተጓዙ ነበር። በሩን ቀርቅሮ እስኪያልፉ ድረስ ትንፋሹን ውጦ ቆመ። ከዚያ ዞር ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቀድመናቸው መድረስ አለብን። እኔ ሳልኖር እግራቸውን ማን ያጥባል?»

በእግር የሚሄዱትን በአውቶቡስ ቀደምናቸው። ብርዱ መሐል ገባን። ጎረቤቶች «ሕፃኑ ማንን መሰለ?» ሲሉት ዓይኑን ሳያሽ «አያቱን» አለ።

ውሃው በፈሰሰ ዕለት ማታውን ተንቀጠቀጠ። አበበች ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችው። በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድነው፤ እሷም እማሆይም አብረውን መጡ። ትኩሳቱ ከሠላሳ ዘጠኝ በላይ ነበር። ጣቱ ላይ ያደረጉለት መሣሪያ የኦክስጅኑን መጠን ሰማንያ ስድስት አለ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጆሮዋንም ዓይኗንም ለበሽተኛ የምትሰጥ ዓይነት።

«በቅርቡ ወደ ቆላ ሄደው ነበር?» አለችው።

ታደሰ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። አበበች ደግሞ ከአጠገቡ ሆና፣ በየዋህነት፣ «ኧረ የምን ቆላ! ደሴ ነው የከረሙ፤ ልጃቸው ወልዳ» አለች።

ውሸታችን ምስክር አቆመ። ሐኪሟ ጻፈች። እኔ የሰው ቃል ሲመዘገብ ሠላሳ ዓመት አይቻለሁ፤ የሐሰት ቃል ምን እንደሚያመጣም አውቃለሁ። የአበበችን ፊት አየሁ፣ የቅቤው ጣሳ ትዝ አለኝ፣ አፈርኩ። አልተናገርኩም።

ሐኪሟ በያዘችው ቃል መሠረት የሚገባውን አደረገች። በሲኦፒዲው ላይ ኒሞኒያ እንደተደረበበት ገምታ አስተኛችው፤ ኦክስጅን አደረገችለት፤ ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን መርፌ ጀመረችለት።

በነጋታው ጠዋት ሽንቱ ጠቆረ። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ። እናቱን ጠራ። እናቱ ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏል። እጁን ያዝኩት። አላወቀኝም።

ሐኪሟ መጣች። ካርዱን አየች። እሱን አየች። ከዚያ እኔን።

«ያልነገራችሁኝ ነገር አለ?»

አበበች የሾርባ ፔርሙስ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እማሆይ ወንበር ላይ ናቸው። ታደሰ ቢሰማ የሚሞትበት ነገር ነው። ሐኪሟ ካልሰማች ደግሞ የሚሞተው በእውነት ነው።

«ደሴ አልሄድንም» አልኩ። «ልጄም አልወለደችም። ብርድ ሸሽተን ቆቦ ቤት ተከራይተን ነው የከረምነው።»

«ከቆቦ መቼ ወጣችሁ?»

«ዛሬ ዐሥረኛ ቀናችን ነው።»

«አጎበር?»

«እኔ እንጂ እሱ አልተኛበትም።»

ከጣቱ ደም ወሰዱ። ብዙ አልቆየም። «ወባ ነው» አለች። «ፋልሲፓረም፣ ከባዱ ዓይነት። ትናንት ባውቅ ኖሮ ትናንት እጀምርለት ነበር።» ቁጣ አልነበረባትም። ቢኖርባት በቀለለኝ። በዚያው ሰዓት አርቲሱኔት የሚባለውን መርፌ በደም ሥሩ ሰጡት፤ ከዐሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ሁለተኛውን፣ በማግስቱ ሦስተኛውን።

ያ ማግስት ልደት ነበር። የከበሮው ድምፅ በመስኮት ይገባል። ታደሰ በሕይወቱ ልደትን ከቤተ ክርስቲያን ሲቀር የመጀመሪያው ነው። ረፋዱ ላይ ዓይኑን ገለጠ፤ በስሜ ጠራኝ። ተመስገን ልል አፌን ስከፍት ቀደመኝና «አበበች ሰማች?» አለ።

«ሰማች።»

«እማሆይስ?»

«እማሆይም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ደግሞ በንዴት አለቀስኩ፤ ከሞት አፍ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው? ደስታውም ነበረበት፣ ግን ንዴቱ ይበልጥ ነበር። ሊዋጥ የሚገባውን የወባ ክኒን፣ ኮአርተምን፣ ስብ ካለው ምግብ ጋር ውሰድ ሲባል ወተቱን ያለ ክርክር ጠጣ። ጾም ተፈትቷል፤ ባይፈታ ኖሮ ደግሞ ሌላ ጦርነት ነበረብኝ።

የአበበችን ፊት ማየት ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ሾርባውን እየቀዳች «ቅቤዬን የት አደረሳችሁት?» አለችኝ። መቅለጡን ስነግራት ይበልጥ ተናደደች። «ብርዱንስ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት? እኔ በዚህ ጉልበቴ አብሬያችሁ አልወርድም ኑሯል?» ታደሰ ይህን ሁሉ ወር የደበቀው ነገር ለጎረቤቱ የሚያስቀና ነገር ነበር። ይህን ሳስብ እስካሁን ደሜ ይፈላል።

ማገገሙ የቀንድ አውጣ ጉዞ ሆነ። ደሙ አንሶ ስለነበር መጀመሪያ ከአልጋው እስከ በር፣ ከሳምንት በኋላ እስከ ግቢው በር፣ ከዚያም በአበበች ቤት በኩል ዞሮ እስከ መንገዱ ድረስ፣ በየመሐሉ ድንጋይ ላይ እያረፈ፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ «ተሽሎኛል» እያለ፣ ቆሞ መሄድን እንደ አዲስ ተማረ። በጥር አጋማሽ ሐኪሟ ሳንባውን አዳምጣ ቀሪውን ብርድ ቆቦ እንዲጨርስ ነገረችን፤ አጎበሩ ሰፊና ከጣራ የሚንጠለጠል ከሆነ ፊት እንደማይነካና እንደማያፍንም በትዕግሥት አስረዳችው። እሺ አለ። አበበች መናኸሪያ ድረስ ሸኘችንና በአውቶቡሱ መስኮት በኩል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «በሉ ከብርዱ በደኅና አምልጡ!» ብላ ጮኸች። ታደሰ ቆቡን ዓይኑ ላይ ደፋ። እትዬ ዘሐራ ደግሞ ስትቀበለን «አብሽሪ፣ አላህ አትርፎልሻል» ብላኝ፣ ወደሱ ዞራ አጎበሩን ከጣራው ላይ በሚስማር መታችው።

ምስጋናዬ ለዚያች ሐኪም ነው፤ ትክክለኛውን ጥያቄ ሁለት ቀን ሁለት ጊዜ ስለጠየቀች። ለአበበችና ለእማሆይም ነው። እናንተ ደግሞ እባካችሁ ስሙኝ። ሞቃት ቦታ መውረዱ ይረዳል፤ ሐኪም ካዘዘላችሁ ውረዱ፣ አትፈሩ። ከመውረዳችሁ በፊት ግን ስለ ወባ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ በአጎበር ውስጥ ተኙ፤ የሳንባ መድኃኒታችሁን ሳያልቅ ያዙ። ደጋ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ሳምንትም ወርም ይለፍ፣ ማንም ሳይጠይቃችሁ የት እንደነበራችሁ ተናገሩ። ጠያቂዎች ክፍሉን ሞልተውት ከሆነ አስወጡና ተናገሩ። አስታማሚዎች፣ በሽተኛችሁ ሲዋሽ የሱን ክብር እየጠበቃችሁ ዝም አትበሉ። እኔ አንድ ቀን ሙሉ ጠብቄለት ነበር።

ዘንድሮ ልደትን ቆቦ ነን። የላሊበላውን ቤት ቁልፍ አበበች ይዛለች፤ እንግዶቹን የምትቀበለው እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት እማሆይና ጓደኞቻቸው በአስፋልቱ ሲመጡ ታደሰ ከኒሙ ዛፍ ሥር ሳፋና ጆግ አሰናድቶ ደጅ ወጥቶ ጠበቃቸው። እትዬ ዘሐራ ውሃውን አሙቃ ሰጠችው። የእማሆይን አጥቦ ጨርሶ ወደ አንድ ሽማግሌ አለፈ፤ ሰውዬው ዘንድሮ ገና የተቀላቀሉ ናቸው።

«የላሊበላ ሰው ነዎት አሉኝ» አሉት ሽማግሌው እግራቸውን እየዘረጉ። «ታዲያ በልደት ሰሞን እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

ከኋላው ፎጣ ይዤ ቆሜ ነበር። 

«ሳንባዬን አሞኝ» አለ ታደሰ፣ ቀና ሳይል። «ብርድ ሸሽቼ ነው። ቤት ተከራይተናል።»

ከዚያ ጆጉን አነሣና ውሃውን አፈሰሰ። እጁን አየሁት። አንዲት ጠብታ ከሳፋው ውጭ አልወደቀችም።