ያልተረጎምኩት ጥያቄ

በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። እንግሊዝኛ ስለምሞክር ከውጭ አገር ለመጣች ሐኪም አስተርጓሚ አደረጉኝ። ሐኪሟ መንፈሳቸው ለታወከ ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ትሰጥ ነበር። በአገሯ በሽተኛ ስለ ሕመሙ ይማራል፤ የደረሰበትን በሰው ፊት ይናገራል፤ ሲሻለው ደግሞ እሱ ራሱ ሌላውን ያስተምራል።

እኛ ዘንድ ግን ማን ይናገር? ከኋላ አግዳሚው ላይ የቀበሌው ካድሬ ደብተሩን ይዞ ይቀመጣል።

አንድ ሐሙስ ከጣርማ በር አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ከጦር ግንባር አንድ እጁን አጥቶ የተመለሰ ወታደር ነው። ሰው ሲጠጋው ይበረግጋል፤ እህል በግድ ነው የሚቀምሰው። እናትየው በር ላይ ያዙኝና፣

«አደራ ልጄ፣ አብዷል እንዳይባልብኝ። እህቶቹን ማን ያገባልኛል?» አሉኝ።

ሐኪሟ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ግንባር ላይ ያየውን ይንገረን በይው» አለችኝ።

ካድሬውን አየሁት። እስክሪብቶውን አንስቷል። ስለ ጦርነቱ ክፉ የተናገረ ሰው የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ወደ ወታደሩ ዞርኩ።

«እንቅልፍህ እንዴት ነው? ነው የምትልህ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «አልተኛም» አለ።

ከዚያ ወዲያ ጥያቄዎቿን እየለወጥኩ ስተረጉም ትምህርቱ ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ብቻ ሆነ። ሐኪሟ ሰዎቹ ለምን እንደማይናገሩ ስትጠይቀኝ «ባህላችን ነው» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም። አምናኝ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ወታደሩ ከአራት ሳምንት በኋላ ቀረ። እሷም ጊዜዋ አልቆ ወደ አገሯ ሄደች።

በዓመቱ ለክትባት አንኮበር ስሄድ ጸበል ቦታ ወታደሩን አገኘሁት። በቀረችው እጁ ውሃ እየቀዳ ለሕሙማን ያቀብላል። ፊቱ ሞላ ብሏል።

«እህቴ፣ ያኔ የፈረንጇ ጥያቄ ስለ እንቅልፍ አልነበረም አይደል?» አለኝ።

«አልነበረም። ያየኸውን ንገረን ነበር ያለችው። ለአንተ ፈርቼ ነው።»

«እኔ እኮ ልናገር ቆርጬ ነበር የመጣሁት» አለ። «እዚህ የሚጠይቀኝ የለም። ቄሱ ያጠምቁኛል፣ ከሰው ጋር እበላለሁ፣ ቀኑ ይመሻል።»

«አሁን ንገረኝ።»

ራሱን በእምቢታ ነቀነቀና ወደ ወረፋው ተመለሰ። የክትባቱ መኪና ጥሩምባ እስኪጠራኝ ቆሜ ጠበቅኩት።

ኋላ እናቱን አግኝቼ ስጠይቃቸው፣ እዚያው አንኮበር እንደቀረ፣ ስለ ጦርነቱም ለማንም ትንፍሽ እንዳላለ ነገሩኝ።

«ይኸው ድኗል እንግዲህ» አሉኝ፣ መሬት መሬት እያዩ።